ላሊበላን ከእናት፣ ከእህትና ከልጆች ጋር፦ ማንም ሳይታመም፣ ማንም ሳያኮርፍ

እማዬ ላሊበላ የሄደችው ልትሳለም ነው። እህቴ ሜሪላንድ የተወለዱ ልጆቿን አገራቸውን ልታሳይ። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፤ ፎቶ ልታነሳ። ትንሹ 6 ዓመቱ ነው፤ ዋሻ አለ ስላሉት ብቻ። እኔ ሻንጣ ተሸካሚ። አንድ ጉዞ፣ አምስት ሐሳብ።

የመጀመሪያውን ቀን ድብን አድርገን አበላሸነው። የቀሩትን ሦስት ቀናት አቃናናቸው። ይህን የምጽፈው ያ ቀን እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ፕሮግራሙን ያወጣሁት በራሴ እግር ልክ ነው። ላሊበላ ላይ ግን ፕሮግራም የሚወጣው ከቤተሰቡ መሀል በጣም ቀስ ብሎ በሚሄደው ሰው እግር ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያሉ ሁለት ነበሩ፦ ጉልበቷን የሚያማት እናቴና ያ የ6 ዓመት ልጅ።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስልክ ደውሉ

አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት ውስጥ ነው የቆየው። ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ በሳምንቱ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከልጅ ጋር የሚሄድ ሰው ዜና አንብቦ ብቻ አይነሳም። ደውሉ። ለሆቴሉ ደውሉ፣ ለአስጎብኚ ደውሉ፣ ዘመድ ያለው ሰው ካገኛችሁ ለሱም ደውሉ። ከውጭ የምትመጡ ከሆነ የምትኖሩበት አገር መንግሥት የሚያወጣውን የጉዞ ማሳሰቢያም እዩ፤ አንዳንድ የጉዞ ኢንሹራንስ በሱ ላይ ተንተርሶ አልከፍልም ይላል።

ስትደውሉ ጥያቄያችሁ «ሰላም ነው?» አይሁን። የዚህ መልሱ ሁልጊዜ «ሰላም ነው፣ ኑ» ነው። የአገራችን ሰው እንግዳ አይመልስም፤ ገበያ የጠፋበት ሰው ደግሞ ጭራሽ። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ «ትናንት አውሮፕላን ገብቷል? አሁን ስንት እንግዳ አላችሁ? በዚህ ሳምንት ከከተማ ወጥቶ ይምርሐነ ክርስቶስ የሄደ ሰው አለ? መብራትና ኔትወርክ እንዴት ነው? ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው የማይወጣው?» ከሦስቱ ሰዎች ሁለቱ ቢያቅማሙ ጉዞውን አስተላልፉ። ድንጋዩ 800 ዓመት ጠብቋል፤ እናንተንም ይጠብቃል።

በመኪና የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ሰርዙት። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልዲያና በጋሸና በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በደህናው ዘመንም ቢሆን ሁለት ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ ሰው የአገር ውስጡ ትኬት ሲቀንስለት ቆይቷል። የዓለም አቀፉን ትኬት ቁጥር ይዛችሁ መጠየቅ አትርሱ።

መቼ?

ምርጡ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ ያባራል፣ ተራራው አረንጓዴ ነው፣ አቧራ የለም። ግን አሜሪካና አውሮፓ ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆች ያኔ አይለቀቁም። የክረምት ዕረፍታቸው የኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወድቃል። ያኔ ደግሞ ደረጃው ያዳልጣል፣ ጉሙ ምንም አያሳይም። የሚቀረው የፈረንጆቹ ገና ዕረፍት ነው። እኛም ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው የሄድነው።

ታኅሣሥ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ የልደት በዓል ነው። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ላይ የሚሆነውን፣ ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ተደርድረው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ በዓይኑ ያየ ሰው አይረሳውም። ከ6 ዓመት ልጅ ጋር ግን አልመክርም። ሕዝቡ እግር ማሳረፊያ አያስቀርም፣ የሆቴል ዋጋ ጣሪያ ይነካል፣ ልጅ ከእጅ ቢያመልጥ የት ይፈለጋል? ከበዓሉ 10 ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። ከሩቅ በእግራቸው የሚመጡት ምዕመናን መግባት ይጀምራሉ፤ ድባቡን ታገኙታላችሁ፣ ግፊያውን ታመልጣላችሁ።

ሁለተኛው ጾመ ነቢያት ነው። ይህን ብዙ የጉዞ መመሪያ አይነግራችሁም። በጾም የአዘቦት ቀናት ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ የሚወጣው 9 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ ጉብኝታችሁን ጠዋት ጨርሱ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ ተቃራኒውን አድርጉ።

ከፍታው ማንን ይነካል?

ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ነው። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ብዙም አይሰማውም። ደረጃ ሲወጣ ትንሽ ያለከልካል፣ በቃ። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከሜሪላንድ የመጣ ሰው ግን ሌላ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነት እስኪለምደው ራስ ያማል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። እዚህ ያደገ ሰውም ቢሆን ዓመታት ቆላ ከኖረ እንደ አዲስ ነው። እህቴ «እኔ እኮ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ነኝ» ስትል ነበር። ማታ ፓራሲታሞል ጠየቀችኝ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከውጭ የመጡትን አዲስ አበባ ሦስት ሌሊት አሳድሯቸው። ዘመድ መጠየቁም፣ የእንቅልፍ ሰዓት ማስተካከሉም፣ ከፍታ መልመዱም በአንድ ላይ ያልቃል። እኛ አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያሳደርናቸው። «ጊዜ አናባክን» ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጅ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ውሃ ጠጥቶ ይረፍ። እየባሰ ከሄደ፣ ማስታወኩ አልቆም ካለ፣ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ግን ቀልድ የለም፤ ወደ ሐኪም፣ ከዚያም ወደ ዝቅተኛ ቦታ። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ሻንጣው

ረጅም ዝርዝር አልሰጣችሁም። ያጣናቸውንና ያዳኑንን ብቻ ልናገር።

ክር የሌለው ጫማ። በየቤተ ክርስቲያኑ በር ጫማ ይወለቃል። በአንድ ጠዋት ስድስት ጊዜ የልጅ ክር ማሰር ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ጠዋት ድንጋዩ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ምንጣፉ ቁንጫ አለው። አለው፤ ማፈር የለም። ካልሲውን ከሱሪው በላይ አድርጉና የቁንጫ መከላከያ ቅባት ተቀቡ።

የግንባር ባትሪ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ። ነጠላ ለሴቶቹ ሁሉ፣ ለልጅቷም ጭምር፤ ቀሚስ ከሱሪ ይሻላል። ኮፍያና የፀሐይ ቅባት፤ እዚያ ፀሐይዋ ሳትሞቅ ነው የምታቃጥለው። ማታ ደግሞ ሹራብና ወፍራም ጃኬት። የታኅሣሥ ብርድ የዋዛ አይደለም።

ለእማዬ መቋሚያ ያዝን። የምርኩዝና የጸሎት ዕቃ በአንድ። ምርኩዝ ብንላት «አሮጊት አደረጋችሁኝ» ብላ ትቆጣ ነበር፤ መቋሚያ ሲሆን በኩራት ይዛው ዞረች።

ዝርዝር ብር በብዛት ያዙ። ለጫማ ጠባቂው፣ ለባጃጁ፣ መስቀል አውጥቶ ለሚያሳየው ቄስ። ኔትወርክ ሲሄድ ቴሌብርም አብሮ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ምንም አትሥሩ

የእኛ ቀን እንዲህ ነበር። አውሮፕላኑ ጠዋት አረፈ። ኤርፖርቱ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሜዳው ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ መኪናው እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ሆቴል ሻንጣ ጥለን 5 ሰዓት ላይ ቲኬት ቆረጥን። 6 ሰዓት ሲሆን ቤተ መድኃኔ ዓለም በር ላይ ቅዳሴ ሊገባ ነው ተባልን። ፀሐይ አናት ላይ። ልጁ ቁርሱን አልበላም ነበር። ደረጃው ሥር ተቀመጠና «አጎቴ፣ ራሴ እየመታኝ ነው» አለኝ። ከበሮ ማለቱ መሰለኝ። ከዚያ ጫማዬ ላይ አስመለሰው።

እማዬ ደግሞ ትጾማለች። እስከ 9 ሰዓት ውሃም በአፏ አይዞርም። የደም ግፊት ኪኒኗን «በኋላ» ብላ በቦርሳዋ ይዛለች። እሷንም ዞረባት። አስጎብኚያችን ደግ ልጅ ነው፤ አንዱን ክንዷን ይዞ «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ላሊበላ የትም አይሄድም» አላት። በባጃጅ ወደ ሆቴል ተመለስን።

ስለዚህ ስትደርሱ ቁርስ ወይም ምሳ ብሉ፣ ተኙ፣ ውሃ ጠጡ። አመሻሹ ላይ በረንዳ ላይ ቁጭ በሉና የላስታን ተራሮች እዩ። ብዙዎቹ ሆቴሎች ገደል አፋፍ ላይ ናቸው፤ ወደ ማታ አሞሮቹ ከእናንተ በታች ሲያንዣብቡ ታያላችሁ። ልጅ ይህን ሳይሰለች ግማሽ ሰዓት ያያል።

የሚጾም ትልቅ ሰው ካላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የንስሐ አባቱን አስጠይቁት። እኛ ከሆቴሉ ነው የደወልነው። አባ በስልክ «መድኃኒትሽን በውሃ ዋጪ፤ ጾሙ አይፈርስም» አሏት። እኔ ስነግራት ያልሰማችውን፣ እሳቸው ሲሏት በአንድ ቃል።

ልጁ ሲሻለው ደግሞ ሥራ ሰጠሁት። የሆቴሉን ሳሙናና ማንኪያ ሰጥቼ «ቤት ሥራልኝ፤ ግን መቀጠል የለም፣ መፈልፈል ብቻ» አልኩት። ዙሪያውን ቆረጠ፣ በር አወጣ፣ ውስጡን ሲጭር ግን ግድግዳው ተሰበረ። ሁለተኛ ሳሙና ጠየቀ። ያም ተሰበረ። በማግስቱ ቤተ መድኃኔ ዓለም ፊት ስንቆም ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ በእንግሊዝኛ እህቱን «አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቱም?» አላት። ስለ ሕንፃው የሰማሁት ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጠዋት፦ የመጀመሪያው ምድብ

በጠዋቱ 2 ሰዓት ሲከፈት ድረሱ። አብያተ ክርስቲያናቱ በአብዛኛው እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ለጎብኚ ክፍት ናቸው። ቲኬቱ ከአንድ ቀን በላይ ያገለግላል፤ አትጣሉት፣ በየበሩ ይጠየቃል። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው በጣም ይለያያል። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

አስጎብኚ ያዙ። ባጅ ያለውን፣ ከማኅበሩ። ዋጋውን በቀን ተነጋገሩ፤ «እንደወደዳችሁ» የሚባለውን አትቀበሉ፣ ኋላ ፊት የሚያጠቁረው እሱ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ለልጆቹ ዓመተ ምሕረት ሳይሆን ታሪክ እንዲያወራ።

አብያተ ክርስቲያናቱ አሥራ አንድ ናቸው። በሁለት ምድብና ለብቻው በቆመው ቤተ ጊዮርጊስ ይከፈላሉ። ዮርዳኖስ የሚባለው ቦይ በመሀል ያልፋል። ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ እንዳሠራቸው ይነገራል፤ ከተማዋም ቀድሞ ሮሃ ነበር ስሟ። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጀምር፣ በፈረንጆቹ 1978፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት አንዱ አድርጎ አስገባቸው።

ቤተ መድኃኔ ዓለም ትልቁ ነው፤ ርዝመቱ ከ33 ሜትር በላይ ይሆናል። ከላይ የተዘረጋውን ግዙፍ የብረት መጠለያ ልጆች መጠየቃቸው አይቀርም። ዝናብ ድንጋዩን እንዳይበላው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ ነው። ውበቱን ያጠፋዋል፤ ምን ይደረግ። ውስጡ ሦስት ባዶ መቃብሮች አሉ፤ የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ ይባላሉ። «አፍሮ አይገባ» የሚባለው የላሊበላ መስቀል የዚሁ ደብር ነው። በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ውጭ አገር ወጥቶ በኋላ ነው የተመለሰው። ይህን ታሪክ ለ11 ዓመቷ ልጅ ንገሯት፤ ከንጉሡ ይበልጥ ሌባው ነው የሚማርካት።

ቤተ ማርያም ለእማዬ ዋናዋ ነበረች። እዚያ አትቸኩሉ። እኛ እናቴን ጥግ ላይ አስቀምጠን ሌሎቹን ልናይ ሄድን። ግቢው ውስጥ ያሉት ቤተ መስቀልና ቤተ ደናግል ትንንሽ ናቸው፤ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ስንመለስ ከአንዲት የማታውቃት ሴትዮ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ይጸልዩ ነበር። ከዋግ በእግሯ የመጣች ናት። የሄድንበት ግማሽ ሰዓት ለእማዬ የጉዞው ሁሉ ዋጋ ነበር። ቤተሰብ ሁሌ ተያይዞ መዞር የለበትም።

ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም። ይህን በሩ ላይ ሳይሆን ሆቴል እያላችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው። እኛ አልነገርናትም። ትልቋ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጫማዋን አውልቃ ተሰልፋ ሳለ ነው የተመለሰችው። አኮረፈች፤ አልፈርድባትም። አስጎብኚው ብልህ ነው፣ እሷንና እናቷን ወደ አዳም መቃብር ወስዶ ወንድሟ ያልሰማውን ተረት ነገራቸው። ሌላም አለ፤ እማዬ ሴቶች ወደ ውስጥ የማይዘልቁባቸውን ቀናት ለእህቴ በጆሮዋ ሹክ ብላታለች። ልጃገረድ ያላችሁ እናቶች ይህንንም ከቤት ጨርሱት።

በዚህ ጠዋት ከዚህ በላይ አትሂዱ። 6 ሰዓት ሳይሆን ውጡ።

ዋሻው

ሁለተኛውን ምድብ ለሌላ ቀን ጠዋት አድርጉት። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚገባው በጠባብ ድልድይ ነው፤ ከሥሩ ገደል አለ፣ የልጅ እጅ አትልቀቁ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ልጁ አሜሪካ ሳለ ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረው ጨለማ መሿለኪያ ነው። የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። ካለፉት በኋላ ብርሃን ይመጣል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አስጎብኚው ከፊት፣ ትልቅ ሰው ከኋላ፣ ልጆች መሀል። አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጅ ከራስ በላይ፤ ጣሪያው ሳይታሰብ ዝቅ ይላል። ብዙዎች መብራት አጥፍተው ነው የሚያልፉት። ልጁ ፎክሮ ባትሪውን አጠፋ። ሦስት እርምጃ ሄዶ አበራው። አጠፋው። አበራው። እህቱ ከኋላዬ ትስቃለች፤ ግን የኔን ቀበቶ ጨብጣ እንደያዘች ነው።

ጉልበት ለሚያመው ሰው ይህን መንገድ ዝለሉት። እማዬና እህቴ በውጭ ዞረው ቤተ አማኑኤል ጠበቁን። በድንጋይ አጠራረብ ከሁሉም እሱ ይበልጥብኛል፤ ግድግዳው የአክሱምን ሕንፃ አስመስሎ እርከን እርከን ተደርጎ ወጥቷል። ቤተ አባ ሊባኖስ ደግሞ ጣሪያው ከላዩ ካለው ቋጥኝ ጋር እንደተያያዘ ነው። የንጉሡ ሚስት መስቀል ክብራ በአንድ ሌሊት ከመላእክት ጋር አሠራችው ይባላል። ትልቋ ይህን ስትሰማ ጎልጎታን ይቅር አለች።

ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው

ፎቶውን ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር አትደርቡት። ከቅዳሴ መውጫ በኋላ፣ 10 ሰዓት ግድም ሂዱ፤ ብርሃኑ ጎን ለጎን ሲመጣ ቀዩ ድንጋይ የዳቦ ቅርፊት ይመስላል። መጀመሪያ ከላይ እዩት። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሳሉ ሦስት መስቀሎች አሉ። አጥር የለውም፤ ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ ነው። ልጅን በእጅ ሳይሆን በክንድ ያዙ፤ ፎቶ የምታነሳ ልጅ ካለች ወደ ኋላ እየሄደች እንዳታነሳ ተጠንቀቁ።

ከዚያ በጠባቡ ቦይ ውረዱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ «ለሁሉም ስትሠራ እኔን ረሳኸኝ» ብሎ በፈረስ መጣ ይባላል። የፈረሱ ኮቴ ድንጋዩ ላይ ያረፈበትን ያሳዩአችኋል። ልጆቹን መስኮት አስቆጥሯቸው፤ የታችኞቹ የውሸት ናቸው፣ አይከፈቱም። ግድግዳው ላይ ባለ ጎድጓዳ ቦታ የሰው አጽም እንዳለ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ድንገት ከሚያዩት ይሻላል።

ካህኑ መስቀል ይዘው ሲወጡ ፍላሽ አጥፉ። ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው ላይ ሲበራ ነው የሚውለው።

ምግብ

በጾም ወራት በየዓይነቱ፣ ሽሮ፣ የጾም ፍርፍር የትም አለ። ለውጭ ልጆች ደግሞ ሆቴሎቹ እንቁላልና ፓስታ አያጡም። ውሃ የታሸገ ብቻ ጠጡ፤ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ገዝታችሁ ያዙ። የላስታ ማር የታወቀ ነው። ጠጅ ቤት ስትገቡ ለልጆቹ ብርዝ እዘዙ። የኛው ልጅ በብርሌ ሲሰጠው ያዋቂ ነገር መስሎት አንገቱን ደፍቶ በቀስታ ጠጣው።

ቅዳሜ ከሆነ ገበያውን አትለፉት። ፍየል፣ ጤፍ፣ ማር፣ በርበሬ። ከሙዚየም ይበልጣል።

መንገድ ላይ «ኳስ ግዙልን»፣ «መጽሐፍ ግዙልን» የሚሉ ልጆች ይከተሏችኋል። ገንዘብ በእጅ አትስጡ። ጎብኚ ከቀነሰ ወዲህ ከተማው ከብዶታል፤ መርዳት የፈለገ ሰው እዚያው ይብላ፣ ከሸማኔው ይግዛ፣ አስጎብኚውን በደንብ ይክፈል።

ከከተማ መውጣት ከቻላችሁ

አንዱን ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ነአኩቶ ለአብ ይሁን። ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው አቅጣጫ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዋሻ ሥር ያለ ነው፤ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ የድንጋይ ገበቴ ላይ ይጠራቀማል። ጸበል ነው። እማዬ አንድ ሊትር ተኩል በሃይላንድ ሞላች።

አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከውጭ የመጣ ልጅ ካላችሁ ለመጨረሻው ቀን አስቀሩት። በቅሎ ይከራያል፤ መኪናም የተወሰነ ድረስ ይሄዳል። በቅሎ ላይ ልጅ ስታስቀምጡ ባለቤቱ ልጓሙን እንዳይለቅ አደራ በሉት፤ ሲወርድ ደግሞ ልጁ በእግሩ ይውረድ። እኔና ትልቋ ብቻ ወጣን። ሌሎቹ ተኙ።

ይምርሐነ ክርስቶስ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አድካሚ ነው። ከላሊበላ ቀድሞ እንደተሠራ የሚታመን፣ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የታነጸ ውብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱም በትልቅ ዋሻ ውስጥ። ቢያንስ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። እኛ ሳንሄድ ቀረን። በስልክ ስንጠይቅ አንዱ አቅማማ።

መመለሻው

አውሮፕላኑ ጠዋት ከሆነ ማታውኑ ሻንጣ ዝጉ፤ መብራት ሊሄድ ይችላል። የሆቴል መኪናውን ሰዓት ደግማችሁ አረጋግጡ።

ፈሳሽ ነገር ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ማሩም፣ ጸበሉም። እማዬ ጸበሏን «ከሻንጣ ጋር አይንገላታም» ብላ በእጇ ያዘች። ፍተሻው ላይ ፈታሹ አስቆማት።

«ልጄ፣ ጸበል እኮ ነው።»

«ገብቶኛል እማማ። ግን ውሃ ነው።»

ትንሽ ተያዩ። ከዚያ እማዬ ክዳኑን ከፈተችና መጀመሪያ ለልጅ ልጆቿ፣ ቀጥሎ ለእህቴና ለኔ በእፍኛችን ቀዳችልን። ገና ግማሹም አልጎደለም። ዞር ስትል ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ፈታሹም ጓንቱን አወለቀ።